ባለ ቆቡ ሰውዬ

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ልጄ ሰናይት የበኩር ልጇን የምትወልድበት ቀን ደርሶ ነበር። እሷ የምትኖረው ሱሉልታ፣ እኔ ቡራዩ። በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው ሴቲቱ እናቷ ቤት ገብታ ነውና ላመጣት ተነሣሁ። ነገሩ በቃ ይኸው ነበር። ሱሉልታ ደርሶ አንዲት ነፍሰ ጡር ይዞ መመለስ። ሰው ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል ይባላል፤ እኔ ግን ይህችን አልቻልኳትም።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራልና።

መኪናዋ የወንዱ ልጄ የናትናኤል ናት። ናቲ ሰበታ፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። በሚኒባስ ሲጋፋ ኖሮ ኖሮ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዛ። ነዳጅ አትጠጣም። አትጨስም። አትጮህም። "ይህችስ ጿሚ ናት" አልኩና ወደድኳት።

አንድ ጉድለት ግን ነበረባት። ትናገራለች። ያውም በቻይንኛ። በር ሲከፈት ትናገራለች፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ትናገራለች፣ ሲዘንብ ትናገራለች። ናቲ ቋንቋዋን ሊያስቀይር ሦስት ቦታ ወሰዳት፤ እምቢ አለች። እኔ ምን እንደምትል ስለማላውቅ በተናገረች ቁጥር "አሜን" እላለሁ። ክፉ የሚናገር እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ አይኖረውም ብዬ ነው።

እቤት በመጣች ማግስት ጠበል ረጨኋት፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኳት። ስወለውል የፊተኛው መስታወት ጥግ ላይ አንድ ተለጣፊ አየሁ። ቆብ ያጠለቀ ሰው ሥዕል ነው፤ አጠገቡ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ አራት ማዕዘን አለ። ቆቡ ከኋላው ሰፋ ብሎ ወደ አንገቱ ይወርዳል። የእኛ መነኮሳት እንዲህ ያለ ቆብ አያደርጉም። የየት አገር ቅዱስ ይሆን? የማላውቀውን መኪና ላይ አንግሼ ከማውቀው አምላኬ አልጣላም ብዬ በቢላዋ ጫፍ ላጥኩት።

አልጣልኩትም ግን። እውነተኛ ጻድቅ ቢሆንስ? የንስሐ አባቴን እስክጠይቅ በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ መጠየቁን ረሳሁት።

በምትኩ የእመቤታችንን ሥዕል ለጠፍኩ። ጥግ ላይ አይደለም፤ እሷን ጥግ የሚያስቀምጥ የለም። ከላይ፣ መሃል ላይ። እዚያ ቦታ እንደ ዝንብ ዓይን ያለች ጥቁር ነገር ነበረች፤ ሸፈንኳት።

"እማዬ፣ እዚያ ላይ አትለጥፊ፤ ካሜራ ነው" አለ ናቲ።

"ታዲያ እመቤታችንን ካሜራ ቢያያት ምን አለበት?"

"መንገዱን እንዲያይ ነው የተሠራው። ድንገት ፊታችን ሰው ቢገባ መኪናዋ ራሷ ፍሬን ትይዛለች።"

"እና አንተ ምን ልትሠራ ነው እዚያ የተጎለትከው?"

 ናቲ ጥሩ ልጅ ነው፤ ከእናቱ ጋር አይከራከርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት በርታ ቀረች። መኪናዋም በተነሣች ቁጥር አንድ ረጅም ነገር ትናገራለች።

"ምን እያለች ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"አላይም እያለች ይመስለኛል።"

"ገና ታያለች" አልኩ።

ወደ ሱሉልታ የሄድን ዕለት ለሰናይት ምጥ እንዲሆን ሃያ ሊትር ጠበል በቢጫ ጀሪካን ያዝኩ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከጎማና ከክሪክ ጋር ጠበል አይቀመጥም። የኋላው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። መኪናዋ ጮኸች።

"ሰው የተቀመጠ መስሏት ነው፤ ቀበቶ እሠሩለት ትላለች" አለ ናቲ።

"ጠበል ነው በላት።"

"ቻይንኛ አልችልማ!"

ጀሪካኑን ቀበቶ አሰርኩለት። ወዲያው ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ሱሉልታ ጀሪካኑ እንደ ጨዋ ሽማግሌ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሄደ።

ሰናይት ሆዷ ቀድሞ እሷ ተከትላ ወጣች። ባሏ ለሥራ ጫንጮ ስለነበር ማታ ቡራዩ ሊመጣ ተስማምተናል። ከጀሪካኑ አጠገብ፣ ከወንድሟ ጀርባ አስቀመጥኳት። መኪናዋ እንደገና ጮኸች። ሰናይት ቀበቶውን ስትስብ እጇን ያዝኳት።

"ልጁን ልታንቂው ነው?"

"ታዲያ እየጮኸች እንሂድ እማዬ?"

ዘዴ አላጣሁም። ቀበቶውን በጀርባዋ በኩል አሳልፌ ቀጭ አደረግኩት። ወንበሩ ታሰረ፤ ልጄ ተፈታች፤ መኪናዋ ዝም አለች። አንድ አገር ሙሉ ሊቅ ተሰብስቦ የሠራትን መኪና አታለልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ጾም ላይ መሆኔን ረሳሁት።

ደስታዬ እስከ ከተማው መውጫ ቆየ። እዚያ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ እጇን ዘረጋች። የዝናብ ልብሷ ከእሷ በእጥፍ ይበልጣል። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች።

"አካም ጅርቱ አዴ?" አለችኝ። ደህና ነዎት ወይ እናቴ ማለቷ ነው። እኔም በኦሮምኛ መለስኩላት፤ ነገሩ በሰላምታ የሚያልፍ መስሎኝ። ዓይኗ ግን የኋላው ወንበር ላይ ቀረ። ጀሪካኑን አየች። ሰናይትን አየች። እንደገና ጀሪካኑን አየች።

"አዴ፣ ወሩ የደረሰው ጀሪካኑ ነው?"

"ኧረ እሷ ናት ልጄ።"

"ታዲያ ጀሪካኑን አስረው እሷን የፈቱት ለምንድን ነው?"

ናቲ ከሣቁ ጋር ሲታገል ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ሆዷን እንዳይጫናት ብዬ ነው" አልኩ።

ትራፊኳ በሩን ከፍታ ገባችና ቀበቶውን ከሰናይት ጀርባ አወጣችው። "ይኸውልዎት፤ የታችኛው ከሆዷ ሥር በዳሌዋ ላይ ይሄዳል። የላይኛው በጡቶቿ መሃል አልፎ ከሆዷ ጎን ይወርዳል። ሆዷን የሚነካው የታለ? ይኼንን እኔ አላመጣሁትም፤ የሠሩት ሰዎች ለእርጉዝም አስበውበታል።" ከዚያ በጣቷ አስጠነቀቀችኝ። "ቡራዩ እስክትደርሱ እንዳይፈቷት። ጀሪካኑንም ጭምር።"

ናቲን ቀጥታ አሳለፈችን። አፍሬ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። ልቤ ግን "ልጅ ወልዳ የማታውቅ ልጅ" ይል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ዳገቱን ስንጀምር ጉሙ ወረደ። የሱሉልታን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የራስን እጅ ለማግኘት መጣራት ያስፈልጋል። ናቲ ቀስ ብሎ ይነዳል። መስታወቱ ከውስጥ ላብ አላበው። በዚህ መሃል የእመቤታችን ሥዕል ማጣበቂያው ለቀቀና ወርዳ ጉልበቴ ላይ አረፈች።

ደነገጥኩ። ቢጫዋ መብራት ጠፋች።

"ኧረ ጠፋች!" አለ ናቲ።

እኔ ሥዕሏን አንሥቼ ስሜ፣ መልሼ ልለጥፋት እጄን ዘረጋሁ። እጄ ሳይደርስ መኪናዋ ጮኸች። ያን ጊዜ ድምጿ ለስላሳ አልነበረም። ወዲያው እንደ ግትር በቅሎ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። ናቲ እግሩን ፍሬኑ ላይ ገና አላሳረፈም ነበር፤ ኋላ ምሎ ነግሮኛል።

ከፊታችን አስፋልቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተነጥፏል። ከቅርንጫፉ ወዲያ አንድ የተበላሸ ገልባጭ መኪና መብራት የሚባል ሳይኖረው ቆሟል። በአገራችን መኪና ሲበላሽ ቅጠል ማንጠፍ ልማድ ነው፤ በጉም ግን ቅጠሉ የሚታየው ከተረገጠ በኋላ ነው። የእኛ አፍንጫ ከገልባጩ ኋላ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ሥዕሏን አየኋት። መስታወቱ ላይ ብትቆይ ኖሮ መኪናዋ አታይም ነበር። ለካ ዘወር ብላላት ነው።

"እመቤቴ" አልኩ። 

ምስጋናዬን ሳልጨርስ ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ገጨን። ከወደ ጫንጮ የሚመጣ ነው። ያልታደለው ሾፌር ቻይንኛ የምትናገር መኪና አልነበረችውም። በጎን ገፍቶን መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ተንሸራተን ገባን፤ ቀኝ ጎናችን አፈሩን ተደግፎ ቆመ። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ተንቀጥቅጠው ከመውረድ በቀር ምንም አልሆኑም፤ ተመስገን። የእኛ መኪና መብራቶቿ ሁሉ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። የሁሉም በር ቁልፍ በራሱ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። አንድ ነገርም በቻይንኛ ተናገረች።

"አሜን" አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ከልቤ አሜን ብዬ አላውቅም።

ናቲ ወጣ፤ እኔንም በእሱ በኩል ጎትቶ አወጣኝ። የሰናይት በር ግን በግጭቱ ተጨማድዶ እምቢ አለ። ማዶው በር በአፈር ተደፍኗል። የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ ገፍቶ መሹለኪያዋን ዘግቷል። እሷ በቀበቶዋ እንደታሰረች ተቀምጣለች።

"እማዬ፣ ውሃው ፈሰሰ።"

"ጀሪካኑ ተከፈተ?"

"የእኔ ነው እማዬ! ጀሪካኑስ ደህና ነው!"

 ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ የማስታውሰው በዚህች አንዲት ነገር ነው፤ ልጄ ምጥ ጀምሯት ከብረት ውስጥ መውጣት አልቻለችም።

ሰው ተሰበሰበ። ላስቲክ የተከናነቡ ገበሬዎች ከገብሱ ማሳ ወጡ። የሚኒባሱ ተሳፋሪም መጣ። ግን የሚጠጋን የለም። አሥር እርምጃ ርቀው ከበቡን። ከፊት የቆሙት ኦቦ ቶላ የሚባሉ የማሳው ባለቤት በትራቸውን አግድመው ሰዉን ይከላከላሉ።

"ሂንቱቂና! አትንኩ! የኤሌክትሪክ መኪና ናት! በዝናብ ትይዛለች!"

"እውነት ነው" አለ አንዱ። "ከሥሯ ትራንስፎርመር ነው የተሸከመችው።"

"አንዲቷ የአማቼን በሬ ገድላለች" አሉ ኦቦ ቶላ።

"ይዛው ነው ወይስ ገጭታው?"

"እሱን አልጠየቅሁም።"

ናቲ በሩን ሲጎትት "ልጁን ያዙት! ልጁን ያዙት!" እያሉ ይጮኻሉ፤ የሚይዘው ግን የለም። እሱን የነካ ይያዛላ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ፈራሁ። መኪናዋ ሥር ውሃ አለ። ኤሌክትሪክና ውሃ እንደማይዋደዱ የማያውቅ የለም። ከዚያ ሰናይት "እማዬ" አለች። ነጠላዬን አጣፋሁና በናቲ በኩል ተመልሼ ገባሁ።

"እማማ ይውጡ! ትይዝዎታለች!" ጮኹ።

"ትያዘኝ" አልኩ። ወንበሬ ላይ ተንበርክኬ በክፍተቱ እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩና እጇን ያዝኩ። ሌላ የምችለው ነገር አልነበረም። ሥዕሏን ደረቷ ላይ አደረግኩላት። ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፤ በየመሃሉ ምጡ ሲመጣ እሷ እጄን ስትጨምቅ እኔም አብሬ እጮኻለሁ።

ትራፊኳ ሰምታ ይሁን ሌላ ሰው ደውሎ፣ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ ደረሱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ ከድር ይባላል፤ ኋላ ነው ስሙን የጠየቅሁት። ወፍራም ጓንት አጥልቆ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። እሱም አልነካም። "እሱም ፈራ" አሉ ኦቦ ቶላ በድል አድራጊነት። ሰውዬው ግን የፊተኛው መስታወት ጥግ ላይ በባትሪ እያበራ ይፈልጋል።

"እዚህች ጋ ተለጣፊ ነበር። ማነው ያነሣው?"



"ምን ዓይነት ተለጣፊ?" አልኩ፤ እያወቅሁ።

"ቆብ ያደረገ ሰው ያለበት። እኛን ማለቱ ነው።"

ቀና ብዬ አየሁት። ቆቡ ከኋላው ሰፋ ብሎ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ባለ ቆቡ ሰውዬ በዝናብ ውስጥ ፊቴ ቆሟል፤ ጢሙ እንኳ በዝናብ ርሷል።

ቦርሳዬን ገለበጥኩት። መቁጠሪያ፣ የሰናይት የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ ዳቦ ቆሎ፣ መሐረብ። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለው ወጣ። "ይኸው! እኔ ነኝ የላጥኩት! ቅዱስ መስሎኝ ነው!"

ከድር ለመሣቅ ጊዜ አልነበረውም። ነጠብጣቡን አራት ማዕዘን በስልኩ አነሣው። ወዲያው ስልኩ ላይ የእኛ መኪና መጣች፤ ግን ቆዳዋ ተገፎ። አጥንቷ ይታያል። ባትሪዋ የት እንዳለ፣ ብርቱካንማው ገመድ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የቱ ጋ ቢቆረጥ ኃይሉ እንደሚጠፋ፣ ምሰሶዋ የቱ ጋ ለመጋዝ እንደሚመችና የቱ ጋ ፈጽሞ መነካት እንደሌለበት። መቀስ እንኳ ተስሎበታል።

ኮፈኑን ከፈቱ። አንዲት ቀጭን ገመድ ቆረጡ። እዚያችም ላይ ያው ባለ ቆቡ ሰውዬ ተለጥፏል፤ እዚያ ውስጥ እጄ ስላልደረሰ ነው የተረፈው። ኃይሉ እስኪጠፋ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ በብረት መንጋጋ በሩን እንደ ሎሚ ልጣጭ አነሡት።

በሚጠብቁባት ጊዜ ከድር ጎንበስ ብሎ ሰናይትን ያጫውታት ነበር። ልቧ እንዳይጠፋ ነው።

"ቀበቶሽን ማነው እንዲህ አሳምሮ ያሰረልሽ?"

"ትራፊኳ" አለች ሰናይት፤ እኔን እያየች።

"ልጅሽ ሲያድግ ታሪኩን አያቱን ይጠይቅ። እነዚህ መኪና ሠሪዎች ምን እንደሚሠሩ ታውቂያለሽ? ሰው የሚያክል አሻንጉሊት ያስቀምጡና መኪናዋን ከግንብ ጋር ያላትሟታል። እንደገና ሌላዋን። እንደገና። አሻንጉሊቱ የት የት እንደተጎዳ ያያሉ። ያረገዘች አሻንጉሊት ሳትቀር አለቻቸው።" ከዚያ ጀሪካኑን አየ። "ይኼስ? እሱ ባይታሰር ኖሮ ሃያ ኪሎ ድንጋይ ነበር የሚሆንባችሁ።"

ጀሪካኑ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጠብታ አልፈሰሰውም።

እኔ ግን ያች አሻንጉሊት ከሐሳቤ አልወጣችም። አስቡት። ከባሕር ማዶ፣ ሱሉልታ የሚባል አገር መኖሩን የማያውቅ ሰው፣ ጠዋት ሥራ ገብቶ፣ አሻንጉሊት አስረግዞ፣ ቀበቶ አስሮላት፣ ከግንብ ጋር አላተማት። ለምን ቢባል ልጄ እንዳትላተም። ሌላው ደግሞ ተቀምጦ "ይህች መኪና አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ብትገባ፣ ሰዎችም ሊነኳት ቢፈሩ፣ ሊያወጣቸው የሚመጣው ሰው የት ይቁረጥ?" ብሎ አሰበ። አስቦም ሣለ። ሥሎም ለጠፈ። እኔ ደግሞ በቢላዋ ላጥኩት።

ሰናይትን በወሳንሳ ሲያወጧት ኦቦ ቶላ በአንድ ጣታቸው መኪናዋን ነካ አደረጉ። ጣታቸውን አዩት። እንደገና ነኩ። ከዚያ በትራቸውን ጥለው የወሳንሳውን አንድ ጫፍ ያዙ፤ ከቦዩ እስከ አምቡላንሱም አለቀቁም። ሲመለሱ ለሰዉ "እኔ እኮ ብዬ ነበር፤ ይህች መኪና አትይዝም" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አምቡላንሱ ውስጥ ልገባ ስል ከድርን ያዝኩት።

"የክርስትና ስምህ ማነው? ለቅዳሴ እንዳስጠራህ።"

ፈገግ አለ። "እማማ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ከድር ብለው ይጸልዩልኝ፤ ይደርሳል።"

ያን ዕለት ማታ ሱሉልታ ጤና ጣቢያ ሰናይት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ቡራዩ አልደረስንም፤ ገንፎውም በሰው ምድጃ ተገነፋ። ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ ስታየኝ "የእናቴን ቀበቶ በጀርባዋ ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ?" የምትለኝ መሰለኝ። ናቲ በሩ ላይ ተደግፎ "እማዬ፣ አንቺ ፍሬኗን እንዳትይዝ አድርገሽ፣ ቀበቶውን ፈትተሽ፣ ተለጣፊውን ልጠሽ ነበር። የቀረሽ ጎማው ብቻ ነው" አለኝ። ከእናቱ ጋር አይከራከርም ያልኳችሁ ልጅ። እውነቱን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከቦዩ ተጎትታ በኦቦ ቶላ አጥር ሥር ወደ ቆመችው መኪና ሄድኩ። ትጠገን አትጠገን ገና አልታወቀም ነበር። ተለጣፊውን ሙጫ ቀብቼ ጥጉ ላይ፣ በነበረበት ቦታ መለስኩት። የእመቤታችንን ሥዕል መስታወቱ ላይ አልመለስኳትም፤ የሕፃኗ ራስጌ ናት። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በቅዳሴ የሚጠሩትን ስሞች በወረቀት ጻፍኩ። ሰናይትን ጻፍኩ፣ ናቲን ጻፍኩ፣ ስም ገና ያልወጣላትን ሕፃን ጻፍኩ። ከድርን ጻፍኩ። ትራፊኳን ስሟን ስላልጠየቅሁ "የቀበቶዋ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም በልቤ ስላማኋት ይቅርታ ለመንኩ። ተለጣፊውን የሣለው ሰው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጥቂት አሰብኩና ከሁሉም በታች ቆብ ሣልኩ።

ቄሱ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"ይኼስ ማነው?"

"አላውቀውም አባ" አልኩ። "እሱም አያውቀኝም። ግን አስቦኛል።"